አንዲት ብጣሽ ወረቀት በስቴፕለር፦ ሪፈር ይዞ ደሴ የሚመጣ ሰው መንገድ እንዳይጠፋው የሞከርነው

አራት ሰዎች ነበርን። እኔ ኮምፒውተር አስተምራለሁ። አንዷ ነርስ ናት። አንዱ ለዓመታት የሚኒባስ ረዳት፣ ኋላም ሹፌር ሆኖ የሠራ ነው። አራተኛው የሱቅ ሰሌዳና ማስታወቂያ የሚጽፍ ሰዓሊ ነው። የማናችንንም ስም አልጠራም። የሆስፒታሉንም ስም እተወዋለሁ፤ ጉዳዩ ከበሩ ውጪ ያለው መንገድ ነውና። ሥራው ትንሽ ነበር፤ ስሕተቱ ግን ብዙ ነበር። የምጽፈውም በዋናነት ለስሕተቱ ስል ነው።

አንድ ማለዳ መናኸሪያ

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። የጦሳ ተራራ ጉም ለብሷል። ኮምቦልቻ ለመሄድ መናኸሪያ ቆሜያለሁ። በወረኢሉ መስመር የመጣ ቅጥቅጥ ገብቶ ሰው ማራገፍ ጀመረ። አንድ አባት ልጃቸውን ደግፈው ወረዱ። ልጅቱ አሥራ ስድስት ዓመት ቢሆናት ነው። የአባቷን ጋቢ ተከናንባ ትንቀጠቀጣለች። አባትየው ከኮታቸው የውስጥ ኪስ ፌስታል አወጡ። ፌስታሉ ውስጥ ሌላ ፌስታል አለ። እሱ ውስጥ ደግሞ አራት ላይ የታጠፈ ሪፈር ወረቀት።

ሦስት የባጃጅ ልጆች ከበቧቸው።

«የት ነው አባባ?»

«ሆስፒታል።»

«የቱ ሆስፒታል?»

«ዋናው ነዋ!»

ወረቀቱ ከእጅ ወደ እጅ ዞረ። የሐኪም ጽሑፍ ነው፤ ማን ያነበዋል? አንደኛው ልጅ «ገብቶኛል፣ አብሽሩ» አለና በኮንትራት ጭኗቸው ሄደ።

ማታ ነርሷን አግኝቼ ያየሁትን ሳወራላት፣ ሳታስበው ታሪኩን ጨረሰችልኝ። አባትና ልጅ መጀመሪያ የተወሰዱት ሌላ ሆስፒታል ነው። ከዚያ ተመልሰው፣ ሁለተኛ ኮንትራት ከፍለው፣ እሷ የምትሠራበት ቦታ ሲደርሱ ስድስት ሰዓት ሆኖ ነበር። የጠዋቱ ካርድ አልቋል። ልጅቱን አግዳሚ ላይ አስተኝተው ሲጠብቁ ዋሉ፤ ሌሊቱን አልጋ ይዘው አደሩ። ሁለት ኮንትራትና አንድ አልጋ፣ ሕክምናው ሳይጀመር።

«ይሄ እኮ በየቀኑ ነው» አለችኝ። ጦርነቱ ካለፈ ገና ወራት መሆኑ ነው። በወሎ ብዙ ጤና ጣቢያ ተጎድቶ ነበርና ወደ ከተማ የሚላከው ታማሚ በዝቶባቸዋል።

ደሴ ለእንግዳ

ደሴ ከአዲስ አበባ በስተሰሜን 400 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ተቀምጣለች። ባንድ ጎኗ ጦሳ፣ በሌላው አዝዋ ገደል ይዘዋታል። መስፋት ስላልቻለች ረዘመች። ዋናው አስፋልት መሐሏን ሰንጥቆ ያልፋል። ሰፈሩ ከአስፋልቱ ወይ ሽቅብ ይወጣል፣ ወይ ወደ ቦርከና ወንዝ ቁልቁል ይወርዳል።

ለሀገሬው ይሄ ቀላል ከተማ ነው። የሰፈሩ ስም ራሱ ይመራዋል። ሰኞ ገበያ ቀኑን ይነግርሃል። ሸዋ በር መውጫውን ይነግርሃል። ፒያሳ፣ ሮቢት፣ ሆጤ፣ ቧንቧ ውሃ፣ ሳላይሽ፤ አንዱን ከጠራህ ቀሪው ይመጣል። ከዚያ በኋላ «ከመስጊዱ ዝቅ ብሎ፣ ከወፍጮ ቤቱ ጎን» ነው። የመንገድ ስምና የቤት ቁጥር የሚጠይቅህ ሰው አይገጥምህም።

እንግዳ ግን ከዚህ ሁሉ አንዱንም አያውቅም። ታክሲው ላይ የተጻፈ ነገር ቢኖር እንኳ የሚሰማው የረዳቱን ጥሪ ነው። ረዳቱ ደግሞ የሚጠራው መድረሻውን ነው። ታክሲው በሆስፒታሉ ደጃፍ ያልፋል፤ «ሆስፒታል» የሚል ቃል ግን ከረዳቱ አፍ አይወጣም። ሹፌሩ ጓደኛችን ይህን ስነግረው ሳቀ። «ሃያ ዓመት ስጠራ አንድም ቀን ሆስፒታል ብዬ አልጠራሁም» አለ። ለምን ብለው «ማን ይጠፋዋል ብዬ!» አለ።

ሌላው ዳገቱ ነው። ጤነኛ ሰው አንድ ፌርማታ ቢያልፈው ተራምዶ ይመለሳል። ታማሚ የደገፈ ሰው ግን እያንዳንዱን እርምጃ ይቆጥራል።

አፑ

መጀመሪያ የሠራነው አፕ ነው። ለምን አፕ? እኔ የማውቀው እሱን ስለሆነ። ሌላ ምክንያት ብፈልግለትም አላገኘሁም።

ነሐሴንና መስከረምን በሙሉ ፈጀን። አፑ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል። የሆስፒታሉን ሥዕል ስትነካው የታክሲውን መስመርና መውረጃውን ያሳያል። በአማርኛም ይናገራል። ተማሪዎቼ ላይ ሞከርኩት፤ ወደዱት። አሁን ሳስበው ያስቀኛል። ሁሉም ደሴ ተወልደው ያደጉ ልጆች ናቸው። መንገዱን ለሚያውቅ ሰው መንገድ አሳይቼ «ጥሩ ነው» ሲለኝ አመንኩት።

ጥቅምት ላይ መናኸሪያ ይዘነው ወጣን። ከከላላ የመጡ አንዲት እናት አገኘንና ስልኩን ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉኝ። ረጋ ብለው አዩት። ድምፁንም ሰሙት። ከዚያ መለሱልኝና «ያምራል ልጄ። አሁን ሆስፒታሉ በየት ነው?» አሉኝ።

በዚያው ማለዳ ነገሩ አለቀለት። የብዙዎቹ ስልክ ባለ ቁልፍ ነው። ይሄን አስቀድመን መገመት ነበረብን። ያልገመትነው ሌላ ነው፤ ስማርት ስልክ ያላቸውም መናኸሪያ ውስጥ አያወጡትም። አንድ ወጣት አስታማሚ ደረቱን እየደባበሰ «እዚህ ካወጣሁት ማን ይመልስልኛል?» አለኝ። እውነቱን ነው። በአንድ እጁ ታማሚ፣ በሌላው ስንቅ ይዟል። ስልክ የሚይዝበት ሦስተኛ እጅ የለውም።

ከመካከላችን የአዲስ አበባውን ራይድ ምሳሌ ያነሳ ነበር። ራይድ ከአፑ በተጨማሪ በ8294 እየተደወለ ስለሚታዘዝ ስማርት ስልክ የሌለውም ይጠቀምበታል። እኛም በስልክ ጥሪ ይሁን? ጥቂት ቀን አሰብንበት። ግን ደውሎ መኪና የሚያዝ ሰው ቢያንስ የቆመበትን ቦታ መናገር ይችላል። የኛ ሰው የሚሄድበትን ብቻ ሳይሆን ያለበትንም አያውቅም። ተውነው።

እግራቸውን መከተል

መፍትሔውን ያመጣው ሹፌሩ ነው። «ሰዉን አትጠይቁት። ብትጠይቁት ሁሉ ደኅና ነው ይላችኋል። እግሩን ተከተሉ» አለን።

ተከተልን። ሦስት ሰኞና ሦስት ሌላ ቀን። ሰኞን የመረጥነው ገበያ ስለሆነ ነው። ታክሲው ሁሉ ይጣበባል፤ ችግሩም አፍጥጦ ይታያል። አስቀድመን ፈቃድ እንጠይቃለን። ነርሷ አብራን ስላለች ብዙዎቹ እሺ አሉ። ከቅጥቅጡ በር እስከ ካርድ ክፍል አሥራ አንድ ታማሚዎችን ከነአስታማሚዎቻቸው ተከተልን። አንመራም፣ አናርምም። ሊሳሳቱ ሲሉ ዝም ማለት ከባድ ነው። ነርሷ ሁለት ጊዜ ሕጉን ጥሳለች፤ እኔም አልተቆጣኋትም።

ደብተር ላይ የጻፍነው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ማንን ምን ብለው ጠየቁ፣ ምን ተባሉ። አንዲት እናት ከመናኸሪያ እስከ ካርድ ክፍል ዘጠኝ ሰው ጠየቁ። ዘጠኙን ዘርዝረን ስናያቸው አንድም የባጃጅ ሹፌር የለበትም። አንዲት ጎመን ሻጭ፣ ሁለት ነጠላ የለበሱ ሴቶች፣ አንድ ሊስትሮ፣ አንድ የባንክ ጥበቃ፣ አንዲት ተማሪ፣ እንዲህ ያሉ ናቸው። የሌሎቹም ተመሳሳይ ነው። ሰው የሚጠይቀው ከመልሱ ምንም የማያተርፈውን ሰው ነው። ይህን ሳናውቅ ማሳያ ሰሌዳችንን መናኸሪያ በር ላይ፣ ከባጃጆቹ መሐል ልንተክለው ነበር።

ሁለተኛው ያየነው ነገር የተጠያቂው ነው። ተጠያቂው መርዳት ይፈልጋል። ግን «ሆስፒታል» ብቻ ሲባል ምን ይበል? ከተማው ውስጥ የመንግሥትም የግልም አለ። ወጣ ብሎ ቦሩ ሜዳ ላይ ሌላ አለ። የወሎ ሰው ደግሞ እንግዳን «አላውቅም» ብሎ መሸኘት ያሳፍረዋል፤ ደጅ የመለሰው ይመስለዋል። ስለዚህ ባያውቅም ይመልሳል። አንዳንዱ እጁን ዘርግቶ አቅጣጫ ያሳያል፣ አንዳንዱም ይዞ ይሄዳል። ሁለት ጊዜ በቅን ልብ ወደ ተሳሳተ ቦታ ሲወሰዱ አይተናል። ደግነት መንገድ ሲያጠፋ ያየሁት ያኔ ነው።

«ካለመጠየቅ ደጃዝማችነት ይቀራል» ይባላል። የኛ ሰዎች ጠይቀዋል። ችግሩ ጥያቄው ተጠያቂው ጆሮ ሲደርስ ሙሉ አለመሆኑ ነው።

ሦስተኛውን ያስተዋለው ሰዓሊው ነው። ገንዘብ ይጠፋል፣ መታወቂያ ይረሳል፣ ስንቅ መኪና ላይ ይቀራል። ሪፈር ወረቀት ግን የጠፋበት አንድም ሰው አላየንም።

እዚህ ላይ ነው ሐሳባችን የተገለበጠው። እስከዚያ ድረስ ተጠቃሚያችን እንግዳው ብቻ ነው ብለን ነበር። እንግዳው ግን ብቻውን አይጓዝም፤ እየጠየቀ ነው የሚጓዘው። ስለዚህ የምንሠራው ነገር ሁለት ተጠቃሚ አለው፤ ጠያቂውና ተጠያቂው። ማንበብ የሚችለው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ሁለተኛው ነው።

ወረቀቱ፣ ሦስት ጊዜ

የመጀመሪያው ወረቀት ካርታ ነበር። ሰዓሊው አምሮ ሣለው። ጦሳ አለ፣ ቦርከና አለ፣ አስፋልቱ አለ። አንድ ሽማግሌ ወረቀቱን አገላብጠው አገላብጠው አስፋልቱን በጣታቸው እየተከተሉ «ይሄ ቦርከና ነው አይደል?» አሉ። ከተማን ከላይ የሚያየው አሞራ ነው። እኛ ከትምህርት ቤት ስለለመድነው ነው እንጂ ካርታ ማየት ትምህርት ይፈልጋል።

ሁለተኛውን ስንሠራ እኔ የሜክሲኮ ሲቲን የባቡር ምልክቶች አነሳሁ። በ1969 እ.ኤ.አ. የከተማዋ ሜትሮ ሲከፈት ለየጣቢያው ሥዕል ተሰጠው። ንድፉን የመራው ላንስ ዋይማን የሚባል አሜሪካዊ ነው። ማንበብ የማይችልም ሰው ጣቢያውን በሥዕሉ ይለየዋል። ቻፑልቴፔክ የሚለው ስም በናዋትል ቋንቋ የፌንጣ ኮረብታ ማለት ነው፤ ምልክቱም ፌንጣ ነው። እኛም ከሰፈር ስም ሥዕል እናውጣ አልን። ለቧንቧ ውሃ ቧንቧ ሣልን። ኩራታችን አይጣል ነው!

ሥዕሉን መናኸሪያ ላይ ላገኘነው አንድ ገበሬ አሳየነው። «ውሃ የሚጠጣው እዚህ ጋ ነው ማለት ነው» አለ።

ቆይቶ ነው ልዩነቱ የገባን። የሜክሲኮው ተሳፋሪ ፌንጣውን ጠዋትና ማታ ያየዋል፤ በሳምንቱ ይለምደዋል። ሪፈር ይዞ የሚመጣ ሰው ግን ደሴን የሚያያት ምናልባት በሕይወቱ አንዴ ነው። መልመጃ ጊዜ የለውም። እሱ የሚፈልገው ምልክት ሳይሆን በዓይኑ ሊያየው ያለውን ነገር ነው። ስለዚህ ሰዓሊው ታክሲ ውስጥ የእንግዳ ወንበር ላይ ተቀምጦ በመስኮት የሚታየውን ሣለ። ሦስት ሥዕል ብቻ፤ መጀመሪያ የምታየው፣ ቀጥሎ የምታየው፣ የምትወርድበት።

ሦስተኛው ወረቀት የመዳፍ ግማሽ ያክላል። ከላይ ሦስቱ ሥዕሎች፣ ለጠያቂው። ከታች ጽሑፍ፣ ለተጠያቂው። ጽሑፉ እንዲህ ይላል፦

«ሰላም። ለከተማው እንግዳ ነኝ፤ ታማሚ ይዣለሁ። የምሄደው ወደዚህ ሆስፒታል ነው፤ ወደ ሌላ አይደለም። እባክዎ ትክክለኛውን ታክሲ ያሳዩኝ። የት እንደሚያወርደኝም ለረዳቱ ይንገሩልኝ። ፈጣሪ ይስጥልኝ።»

«ወደዚህ ሆስፒታል» ከሚለው ሥር ስሙ በትልቁ ታትሟል። በእያንዳንዷ ቃል ተከራክረናል። እኔ «አሳየኝ» ይበል፣ አጭር ነው አልኩ። ነርሷ አልተቀበለችኝም። «ሰው ቆሞ የሚያነብልህ ስታከብረው ነው» አለች። ምርቃቱም አከራከረን። አንዱ «አላህ» ሌላው «እግዚአብሔር» ሲል፣ ወሎ ላይ እንደተለመደው ለሁለቱም የሚሆን ቃል ተገኘ።

አንድ ያላሰብነው ጥቅምም መጣ። ከከሚሴና ከባቲ በኩል የሚመጡ ኦሮምኛ ተናጋሪዎች፣ ከአፋር የሚመጡም አሉ። ወረቀቱን በስንት ቋንቋ እናትመው እያልን ስንጨነቅ ነበር። ሆኖም ጽሑፉን የሚያነበው የደሴ ሰው ነው። ሥዕሉ ደግሞ ቋንቋ የለውም።

ነጠላና ስቴፕለር

ወረቀቱ ውሃ እንዳይነካው ብለን በላስቲክ አስለበጥነው። ደረቅ ካርድ ሆነ። ለሙከራ ከሰጠናቸው ሴቶች ግማሽ ያህሉ ደሴ ሲደርሱ የላቸውም። ለምን? ሴቶቹ ብርና ወረቀት የሚይዙት በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው ወይም በመቀነታቸው ሸጉጠው ነው። ደረቅ ካርድ አይቋጠርም። ቅርጫት ውስጥ ይጥሉታል፤ ከቅርጫት ውስጥ ይጠፋል። አንዲት ሴት በፊቴ ለመቋጠር ሞከረች። ካርዱ እንደ ስፕሪንግ ተፈናጥሮ መሬት ወደቀ። አንስታ ሳቀችና ለልጇ መጫወቻ ሰጠችው።

ያኔ የሰዓሊው ነገር ትዝ አለን። የማይጠፋው ሪፈር ወረቀቱ ነው። እዚያው ጀርባው ላይ ማኅተም ይመታ አልን። አንድ የጎማ ማኅተም ማስቀረጽ ብዙ አያስወጣም። የጠየቅነው ቢሮ ግን በመንግሥት ሰነድ ላይ የውጭ ሰው ማኅተም አይፈቀድም አለን። ሲታሰብ ትክክል ነው። እነሱ ደብዳቤ ጻፉ ሲሉን፣ እኛ ስንጽፍ፣ መልሱን ስንጠብቅ ሁለት ወር አለፈ።

በመሐል ነርሷ ጠረጴዛዋ ላይ ያለውን ስቴፕለር አንስታ ለስላሳዋን ወረቀት ከሪፈሩ ጋር ቀጨም አደረገቻት። በቃ። ይኸው ነው መፍትሔው። ሪፈር በሚጽፉ ሁለት ጤና ጣቢያዎች የሚሠሩ ጓደኞቿ እሺ አሏት። ወረቀቷ የምትሰጠው ደሴ ላይ ሳይሆን እዚያ፣ ጉዞው ከመጀመሩ በፊት ሆነ። ሪፈሩን የሚጽፈው ባለሙያም ሦስቱን ሥዕሎች በጣቱ እያሳየ ይነግራቸዋል። አንድ ደቂቃ አይፈጅም።

ታሪፍ የጻፍን ጊዜ

አንዱ እትም ላይ የታክሲውን ታሪፍ ጨምረን ነበር። እንግዳው እንዳይበላ ብለን ነው። ከሐምሌ 2014 ዓ.ም. ጀምሮ ግን መንግሥት የነዳጅ ድጎማን ደረጃ በደረጃ ማንሳት ጀምሯል። ነዳጅ ሲጨምር ታሪፍ ይከተላል። ወረቀታችን በወራት ውስጥ አረጀ። ያረጀ ዋጋ የያዘ ወረቀት ደግሞ ከባዶ ይብሳል። አንድ አባት ወረቀቱን እያሳዩ ከረዳት ጋር ተጣሉ፤ ረዳቱ ልክ ነበር። ታክሲ ሙሉ ሰው ፊት እንደ አታላይ መታየታቸው አሁንም ይቆጨኛል። ዋጋውን አወጣነው።

«በኮንትራት አልሄድም» የሚል ዓረፍተ ነገርም ነበረን። እሱንም ያስወጣን አንድ የባጃጅ ሹፌር ነው። ወረቀቱን ይዞ መጥቶ «ሌባ አደረጋችሁን እኮ» አለ። ከዚያ ቁጣው በረድ ሲል «እሺ፣ መቀመጥ የማይችል ታማሚስ? አሥራ ሁለት ሰው በተጫነበት ሚኒባስ እንዴት ይሄዳል?» አለን። መልስ አልነበረንም። አሁን ወረቀቱ ላይ ትንሽ ሳጥን አለች፤ ታማሚው መራመድ ካልቻለ የጤና ባለሙያው ምልክት ያደርግባታል። ምልክት ካለ ባጃጅ ይያዝለት ማለት ነው። ሐሳቡን ያገኘነው ከተቆጣን ሰው ነው። ከመጀመሪያው ቀን አንድ የባጃጅ ሹፌር አብሮን ቢሆን ኖሮ ባልተጣላን ነበር።

አልጋውና ሊስትሮው

መውረጃው ጋ ምልክት እንትከል አልን። አንድ ባለ ኪዮስክ ፈቀደልንና ቢጫ ሰሌዳ ግድግዳው ላይ ሰቀልን። ሰሌዳው ላይ ሰዓሊው አልጋ ሣለ። በሦስተኛው ቀን ባለ ኪዮስኩ ደወለ። «ሰዉ አልጋ ስንት ነው እያለ አስቸገረኝ» አለ። እንዴት አላሰብነውም? በሀገራችን አልጋ የተሣለበት ቦታ ማደሪያ ነው።

ሰዓሊው ቀየረው። ነጠላ የለበሰች ሴት፣ በወገቧ የተደገፈ ሰው፣ ሁለቱም ጎንበስ ብለው ሲራመዱ። ሰው ይህን ሲያይ ይቆማል። አንዷ «እኛን ነው የሣሉት!» ስትል ሰምቻለሁ።

ግን ሰሌዳው ብዙም አልቆየም። ባለ ኪዮስኩ ሳሙናና ኦሞ ሲያንጠለጥልበት ግማሹ ተሸፈነ። ሱቁ የሱ ነው፤ ምን ትለዋለህ? ያም ሆኖ ሰው መንገዱን ያገኝ ነበር። ምክንያቱን ለማየት ግማሽ ቀን ማዶ ተቀምጬ ቡና ጠጣሁ። ከሰሌዳው ሥር የሚቀመጥ አንድ ሊስትሮ አለ። ሰዉ የሚጠይቀው እሱን ነው። ልጁ ብሩሹን ሳያቆም በአገጩ ያሳያል፤ ዳገቱ የቱ ጋ እንደሚቀል ሳይቀር ያውቃል።

ሳጥኑን ቢጫ ቀባንለት። ወረቀቱም ላይ ሦስተኛው ሥዕል ቢጫ ሳጥን ያለው ሊስትሮ ሆነ። ከሁሉም በላይ የሠራው ይሄ ነው፤ ለአራት ወር። ከዚያ ልጁ ኮምቦልቻ ፋብሪካ ሥራ አግኝቶ ሄደ። ደስ አለን፤ ደነገጥንም። ወረቀቱ ታትሞ ተበትኗል።

ለሚተካው ልጅ ልናስረዳ በሳምንቱ ስንሄድ መንገዱ ላይ አራት ቢጫ ሳጥን ቆጠርኩ። ቢጫው ደንበኛ ያመጣል ተብሎ ሌሎቹ ራሳቸው ቀብተውታል። ከመሐላቸው አንዱን ሆስፒታሉ በየት ነው ብዬ እንደ እንግዳ ጠየቅሁት። «ወረቀት ይዘዋል?» አለኝ።

ምን ተገኘ

ወረቀቱ ከተስተካከለ በኋላ እንደገና ዘጠኝ ሰዎችን ተከተልን። ሰባቱ በአንድ ታክሲ ቀጥታ ደረሱ። አንዱን ደሴ ያለ ዘመዱ ተቀበለውና «ወረቀት ምን ያደርጋል፣ እኔ አለሁ» ብሎ ሌላ ቦታ ወሰደው። አንዷ ደግሞ ወረቀቷ ወደ ውስጥ ታጥፎ ስለነበር አላየችውም፤ ከዚያ ወዲህ ወደ ውጭ ነው የሚታጠፈው። ዘጠኝ ሰው ትንሽ ነው። ከኋላ መከተላችንም ሳይረዳቸው አልቀረም። ጥናት ነው ብዬ አላቀርበውም።

ካወጣነው ሁሉ ብዙውን የበላው አፑ ነው፤ ዛሬ የሚከፍተው የለም። ስቴፕለሩ ይሠራል። የሚቸግረው የስቴፕለር ምስማር ማለቁ ነው። አንደኛው ጤና ጣቢያ ላይ ምስማር ሲያልቅ ወረቀት መስጠቱም ለሦስት ሳምንት ቆሞ ነበር፤ የሰማነው በአጋጣሚ ነው። አሁን ሹፌሩ በዚያ የሚያልፍ መኪና ሲያገኝ አንድ ፓኮ ይልካል።

በሌላ ከተማ ለሚሞክር

ጎንደር ወይም ጅማ ላይ ቢሞከር ሥዕሉም ጽሑፉም ይቀየራል። የማይቀየረው መነሻው ነው። መሣሪያውን ከመምረጥ በፊት ሰዉ ማንን እንደሚጠይቅ ማየት ያስፈልጋል። የሚጠየቀውን ሰው ካገኘህ ግማሹ ንድፍ እዚያ አለ፤ ለሱ የጎደለውን ማሟላት ብቻ ነው። ከተማውን የሚያውቁ ሰዎች ላይ መሞከር ደግሞ ራስን ማታለል ነው። እኔ ሁለት ወር የከፈልኩበት ይሄ ነው።

ሰው ከያዘው ነገር ጋር ማያያዝም ይቻላል። አዲስ ዕቃ ስትሰጠው የሚይዝበት ቦታ መፈለግ አለበት፤ የእኛዎቹ ሴቶች ቦታ አልነበራቸውም። እቃው እጅ ውስጥ፣ ነጠላ ውስጥ፣ ዝናብ ውስጥ ምን እንደሚሆን ጠረጴዛ ላይ ሆኖ አይታወቅም። ቶሎ የሚለዋወጥ ነገር፣ እንደ ዋጋ ያለ፣ ወረቀት ላይ አይታተም። የአንድ ሰው እውቀት ላይ የተደገፈ ሥራ ያ ሰው ሲሄድ ይሄዳል። ሊስትሮዎቹ ያዳኑን በእኛ ብልኃት አይደለም።

መመለሻው

ባለፈው ጊዜ ከሆስፒታሉ ደጃፍ አንዲት ሴት አገኘሁ። እናቷን አሳክማ ጨርሳለች። መድኃኒቱን በፌስታል ይዛለች። ወረቀታችንን ከሪፈሩ ጋር እንደተያያዘ አሳየችኝ። «ይቺ ባትኖር ምን ይውጠኝ ነበር» አለችኝ። ደስ አለኝ፤ ፊቴም ሳያስታውቅ አልቀረም።

ከዚያ ገለበጠቻት። ጀርባው ነጭ ነው።

«መመለሻውስ?» አለች።

አሁን እሱን ይዘናል። ይከብዳል። የጠዋቱ መኪና ከሌሊቱ 11 ሰዓት ይነሳል ይባላል፤ ግን ሰው ካልሞላ ይቆያል፣ ከሞላ ቀድሞ ይሄዳል። በዚያ ሰዓት ሊስትሮም ጎመን ሻጭም መንገድ ላይ የለም፤ የሚጠየቅ ሰው የለም ማለት ነው። ሹፌሩ በጨለማ ነቅተው የሚያድሩት የመናኸሪያው ጥበቃና ሻይ የምታፈላዋ ሴት ናቸው ይላል። በሚመጣው ሰኞ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ ሻይ ልንጠጣ ቀጠሮ ይዘናል፤ ደብተሩን ነርሷ ትይዛለች።